የአሥራዎቹ ዕድሜ ፍቅር፦ ጤናማ ግንኙነት የቱ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከ13 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዱ በሴት፣ አንዳንዱ በወንድ አንደበት ተጽፏል። ይህ ለአነጋገር እንዲመች ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ችግር በሁለቱም በኩል ይደርሳል። ጊዜ የሌላችሁ የመጀመሪያውን መልስ አንብቡ፣ የቀሩት ሁሉ የሚመዘኑት በእሱ ነውና። አሁን የሚያስፈራችሁ ነገር ካለ ግን በቀጥታ ስለ ዱላና ስለ ማስፈራሪያ ወደተጻፉት እለፉ።

ጤናማ የፍቅር ግንኙነት ሲባል ምን ማለት ነው?

መከባበር፣ መተማመን፣ መደማመጥ የሚሉትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ችግሩ ማንም ሰው ተነሥቶ "እኛ እኮ እንከባበራለን" ማለት መቻሉ ነው። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ "አይሆንም" ካላችሁ በኋላ ምን ይከተላል?

"ዛሬ መገናኘት አልችልም፣ ፈተና አለብኝ።" "ይህን ልብስ ወድጄዋለሁ፣ አልቀይረውም።" "ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ነኝ።" "እንዲህ እንድትነካኝ አልፈልግም።" ከእነዚህ አንዱን ስትናገሩ ሌላው ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ቅር መሰኘት መብቱ ነው። ቅር ብሎትም ቃላችሁን ተቀብሎ በማግስቱ እንደ ወትሮው ከመጣ መሠረቱ ደህና ነው። አንድ ጊዜ "አይሆንም" ማለት ሦስት ቀን ኩርፊያ፣ ሙሉ ሌሊት ክርክር፣ ስድብ ወይም ዛቻ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ ግን፣ ሌላው ጣፋጭ ነገር ሁሉ ተደምሮ ያንን አያካክሰውም።

ይህን መለኪያ የመረጥኩት ለማስመሰል ስለማይመች ነው። ስጦታ መስጠትን፣ በየማለዳው "እንዴት አደርሽ" ብሎ መጻፍን፣ በሰው ፊት ማሞገስን ሰውን መቆጣጠር የሚወድም ያደርገዋል፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሌላው አብልጦ። ያልጠበቀውን መልስ ሲሰማ የሚያሳየው ፀባይ ግን እውነተኛ ፀባዩ ነው።

ሌላ ሁለት ነገር ልጨምር። ከግንኙነቱ በፊት የነበራችሁ ሕይወት አሁንም አለ? ጓደኞቻችሁ፣ ትምህርታችሁ፣ እንቅልፋችሁ፣ ትወዱት የነበረው ጨዋታ? ደግሞስ ስልካችሁ ጠርቶ ስሙን ስታዩ ቀድሞ የሚመጣው ደስታ ነው ወይስ ድንጋጤ? ሰውነት ብዙ ጊዜ ከአፍ ቀድሞ እውነቱን ይናገራል።

ትልልቅ ሰዎች "የልጅነት ነገር ነው፣ ያልፋል" ይሉናል። የእኛ ፍቅር እውነተኛ አይደለም?

እውነተኛ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ደስታንና ጉጉትን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል እጅግ ንቁ ይሆናል፤ አመዛዝኖ የሚያበርደው የግንባር በኩል ያለው ክፍል ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚበስለው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። በዚህ መሐል ያለ ልጅ የሚሰማው ፍቅር፣ ትልልቆቹ ከሚያስታውሱት በላይ ብርቱ ሊሆን ይችላል።

ስሜቱ ብርቱ መሆኑ ግን ሰውየው ለእናንተ እንደሚሆን ማረጋገጫ አይደለም። ልብ ሲግል ለስሜቱ ቦታ ስጡት፤ ትምህርት ማቋረጥን፣ ከቤት መውጣትን፣ ከጓደኛ መቆራረጥን የመሰሉ ውሳኔዎችን ግን አቆዩአቸው።

ለትልልቆችም አንድ ቃል አለኝ፦ የልጁን ፍቅር ስታቃልሉበት ፍቅሩን አይተውም። የሚተወው ለእናንተ መንገርን ነው።

የፍቅር ጓደኛ ለመያዝ ስንት ዓመት ሊሞላኝ ይገባል? ጓደኞቼ ሁሉ አላቸው።

ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር የለም። ራስህን ጠይቅ፦ የማልፈልገውን "አልፈልግም" ማለት እችላለሁ? እሷ "አይ" ብትለኝ ሳልቆጣ፣ ስሟን ሳላጠፋ መመለስ እችላለሁ? ነገሩ ቢበላሽብኝ የምነግረው ትልቅ ሰው አለኝ? መልሱ ገና ከሆነ፣ ገና ነው። "ጓደኞቼ ሁሉ አላቸው" ያልከው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ ያላቸው ስለሚያወሩ ብቻ የበዙ ይመስላሉ። ሃያ ዓመት እስኪሞላው የፍቅር ጓደኛ ያልነበረው ሰው የሚቀርበት ነገር የለም። ለጓደኞችህ ለማሳየት ብለህ የያዝካት ልጅ ግን ትጎዳለች።

እኔ 15 ዓመቴ ነው፣ እሱ 22። "ከዕድሜሽ በላይ የበሰልሽ ነሽ" ይለኛል።

ይህን ግንኙነት ጤናማ ብዬ ልጠራልሽ አልችልም። የበሰልሽ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ቤት፣ የብዙ ዓመት ልምድ ካለው ሰው ፊት የአንቺ "አይሆንም" አቅም ያጣል። ያ ሙገሳ ራሱ ያሳስበኛል፤ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር መሆኑን ለራሱና ለአንቺ ትክክል ለማስመሰል የሚጠቀምበት አባባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በጥቅሉ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ሕፃን የሚለው እንዲህ ካለው ጉዳት ለመጠበቅ ጭምር ነው፤ በብዙ አገሮችም እንዲህ ያለ ግንኙነት ወንጀል ሊሆን ይችላል። "ለማንም እንዳትነግሪ" ካለሽ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ደብቀሽው ከሆነም ጭምር።

ቅናት የፍቅር ምልክት አይደለም እንዴ?

መቅናት የሰው ሁሉ ስሜት ነው፣ አያሳፍርም። ወሳኙ በቅናቱ ምን ይደረግበታል የሚለው ነው። "ከእሱ ጋር ስትስቂ ሳይ ከፋኝ" ብሎ የተናገረ ልጅ የተሰማውን ነገረሽ፤ ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ። "ሁለተኛ ከእሱ ጋር እንዳላይሽ" ያለው ግን የራሱን ጭንቀት በአንቺ ሕይወት ላይ ሕግ አድርጎ አወጣው።

እነዚህ ሕጎች ደግሞ ባሉበት አይቆሙም። መጀመሪያ አንድ ልጅ ይከለከላል። ቀጥሎ ወንዶች ሁሉ። ከዚያ የልብ ጓደኛሽ "ታበላሽሻለች" ይባላል፣ ከዚያ የአክስትሽ ልጅ፣ በመጨረሻ እናትሽም "አትረዳንም" ትባላለች። እያንዳንዱ ክልከላ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ለሰላም ሲባል እሺ ይባላል። በአሜሪካ በምትገኘው በዱሉት ከተማ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ያወሩትን መነሻ በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ሥዕላዊ መግለጫ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ለማሠልጠኛ ያገለግላል። በዙሪያው አካላዊ ጥቃት አለ፤ በውስጡ ግን ማስፈራራት፣ ማዋረድ፣ ከሰው መነጠል፣ "ያን ያህል እኮ አይደለም" እያሉ ማቃለል የመሳሰሉት ተዘርዝረዋል። መሐሉ ላይ የተጻፈው "ሥልጣንና ቁጥጥር" ነው። ዱላ ባይኖርም በውስጥ ያለው ብቻውን ሰው ይጎዳል።

ፓስወርድሽን ስጭኝ ይለኛል። የምደብቀው ነገር ከሌለ ለምን እምቢ እላለሁ?

የምትደብቂው ስለሌለሽም እምቢ ማለት ትችያለሽ። ስልክሽ ውስጥ ያለው ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ጓደኛሽ በሚስጥር የነገረችሽ የቤቷ ችግር፣ የእህትሽ ፎቶ፣ ገና ያልጨረስሽው ሐሳብሽ አለ። እነዚያ ሰዎች ለእሱ አልነገሩትም።

ማመን ማለት ሳያዩ ማመን ነው፤ እያዩ ከሆነ ፍተሻ ነው። ልምዱም እንደሚያሳየው ፍተሻ የተጠራጣሪን ልብ አያሳርፍም። ቻቱን ያየ "ያጠፋሽው አለ" ይላል። "ለምን ኦንላይን ሆነሽ አልመለስሽልኝም?" ይመጣል፣ ከዚያ ሎኬሽን እንድትከፍቺ፣ ከዚያ የት እንዳለሽ በቪዲዮ እንድታሳዪ። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ፣ ማታ ብቻሽን ስትሄጂ ለደኅንነት ሎኬሽን ብታጋሩ ክፋት የለውም። በፈለግሽ ጊዜ ብታጠፊው ጥያቄ አይነሣም? ካልተነሣ ደህና ነው።

አስቀድመሽ ሰጥተሽው ከሆነ አሁን መቀየር ትችያለሽ። ከኢሜይሉ ጀምሪ፤ የሌሎቹ አካውንቶች ፓስወርድ ማደሻ የሚላከው ወደ እሱ ነው። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ተከፍተው የቀሩትንም ከቅንብሩ ገብተሽ ዝጊያቸው። መቀየርሽን ሲያውቅ ያስፈራራኛል ብለሽ ከሠጋሽ ግን ብቻሽን አታድርጊው፤ መጀመሪያ ለምታምኚው ትልቅ ሰው ነግረሽ ይሁን።

የሚዋደዱ ሰዎች ይጣላሉ?

አዎ። ጨርሶ የማይጣሉትን ሳይ እንዲያውም አንዱ ሐሳቡን እየዋጠ ይሆን እላለሁ። ጆን ጎትማን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ባለትዳሮች ሲነጋገሩ ለብዙ ዓመታት ተመልክተው፣ ትዳርን የሚያፈርሱ አራት ልማዶችን ለይተዋል፦ ድርጊቱን ትቶ ሰውየውን መተቸት፣ መናቅ፣ ጥፋትን ሁሉ ከራስ ላይ መከላከል፣ ጭራሽ ዘግቶ ዝም ማለት። ከአራቱም የከፋው መናቅ ነው፤ ማላገጥ፣ ማሽሟጠጥ፣ በሰው ፊት ማሳነስ። ጥናቱ የትዳር ቢሆንም በ16 ዓመት ልጆች ጠብም ውስጥ ያው ነገር ይታያል።

"ማክሰኞ ቀጥረኸኝ ስትቀር አዘንኩ" እና "አንተ ድሮም ቃል የሌለህ ነህ" ስለ አንድ ቀን የተነገሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ይቅርታ ያስገኛል፣ ሁለተኛው ጦርነት። ልባችሁ መምታት ከጀመረ ደግሞ ነጥብ ማስቆጠሩን ተዉትና ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለያዩ፤ የተቆጣ ሰውነት ከዚያ ባነሰ ጊዜ አይበርድም። ስትለያዩ "ልረጋጋና ማታ እደውላለሁ" በሉ፣ ደውሉም። ሳይናገሩ ለቀናት መጥፋት ግን ማረጋጋት ሳይሆን ቅጣት ነው። በሜሴጅ መጣላትም አልመክርም፤ ድምፅና ፊት ስለሌለው ቃሉ ሁሉ ከታሰበው በላይ ይከፋል፣ ስክሪንሾቱም ይቀራል።

"ብትወጂኝ ኖሮ እሺ ትዪኝ ነበር" ይለኛል።

የሚወድሽ ሰው ዝግጁ መሆንሽን ይጠብቃል። ፈቃድ ማለት በነፃነት፣ ሳይፈሩና ሳይለመኑ የሚሰጥ ነው። ዝም ማለት ፈቃድ አይደለም። ተለምነሽ ሰልችቶሽ "እሺ" ማለትሽም ፈቃድ አይደለም። ባለፈው ሳምንት እጅሽን መያዙን ወድደሽው ዛሬ ባትፈልጊ፣ የዛሬው ነው የሚሠራው። ምክንያት የማቅረብ ግዴታ የለብሽም፤ "አልፈልግም" ሙሉ መልስ ነው። ወንዶች ልጆችም ይህ ጫና ይደርስባቸዋል፣ "ወንድ አይደለህም?" እየተባሉ፤ ለእነሱም መልሱ ይኸው ነው።

የግል ፎቶ ላኪልኝ ብሎኛል። ልኬለትም ከሆነስ?

ካልላክሽ አትላኪ። ፎቶ አንዴ ከስልክሽ ከወጣ የት እንደሚደርስ ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም፣ ቅን ልጅ ቢሆን እንኳ ስልኩ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ በሌላ ሰው ይከፈታል። ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው እርቃን የሚያሳይ ምስል መያዝና ማስተላለፍ በብዙ አገሮች ከባድ ወንጀል ነው፤ ይህ ደርሷችሁ ለጓደኛ የምታስተላልፉ ልጆችንም ይመለከታል።

ልከሽ ከሆነና እየዛተብሽ ከሆነ፦ ገንዘብም ሌላ ፎቶም አትስጪው፣ አንዱን ሲያገኝ ሌላ ይጠይቃል። ዛቻውን አታጥፊ፤ መልእክቱን፣ ቀኑንና የአካውንቱን ስም አስቀምጪ። ከዚያ ብሎክ አድርጊውና ለትልቅ ሰው ንገሪ። ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው ነው። ምስሉ ከስልክሽ ሳይወጣ ለምስሉ መለያ ቁጥር ብቻ ይፈጥራል፤ ተባባሪ የሆኑ ማኅበራዊ ሚዲያዎች በዚያ ቁጥር ለይተው ምስሉን ያነሡታል ወይም እንዳይለጠፍ ያግዳሉ። ስምሽን አይጠይቅም፤ ከ18 ዓመት በታች ሳለሽ ለተነሣሽው ምስል ነው የሚያገለግለው።

እንደምታፍሪ እገምታለሁ። ሊያፍር የሚገባው ግን ባመንሽው የዛተብሽ ነው።

ሴት ጓደኛዬ ስትናደድ ትመታኛለች። ወንድ ስለሆንኩ ለማንም መናገር አልቻልኩም።

ለዚህ ጥያቄ ቀልድ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ አትስማቸው። ዱላ ከማንም ይምጣ ከማን ጤናማ አይደለም፣ አንተም ልትናገረው ይገባል። መልሰህ አትምታ። ከቦታው ሂድ፣ ለምታምነው ትልቅ ሰው ንገር፣ ግንኙነቱንም ለማቆም አስብ።

አንዴ ብቻ ነው፣ ይቅርታም ጠይቆኛል የምትሉም አላችሁ። ሌኖር ዎከር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1979 ብዙዎች ዛሬም የሚያውቁትን ዑደት ገልጸው ነበር፦ ውጥረት ይከማቻል፣ ጥቃት ይፈነዳል፣ ከዚያ እንባ፣ ስጦታና መሐላ ይመጣል። ሁሉም ግንኙነት በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ ሰው የሚታሰረው ግን ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ደረጃ ነው። ያ ገር ሰው እውነተኛው ይመስላል፣ የመታው ደግሞ እንግዳ። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

አንገት ማነቅን ለብቻው ላንሣው። ለጥቂት ሰከንድ ቢሆንም፣ ቆዳ ላይ ምልክት ባይተውም፣ ሰውን በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ሊያስት ይችላል፤ በውስጥ ያለው ጉዳትም ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። ይህ የደረሰበት ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፣ ከዚያ ሰው ጋርም ብቻውን አይገናኝ።

"ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ" ይለኛል። ምን ላድርግ?

ሁለት ነገር አድርጊ፤ እውነት ነው ብለሽ ተቀበዪው፣ ብቻሽን ግን አትሸከሚው። ወዲያውኑ ለወላጁ፣ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ፣ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ንገሪ። "ሚስጥር ነው" ብሎሽ ቢሆንም። ከልቡ ከሆነ እርዳታ ያገኛል፤ አንቺን ለማሰር ያለው ከሆነም ዛቻው ኃይሉን ያጣል። የትኛው እንደሆነ መለየት ያንቺ ሥራ አይደለም። ሕይወቱን ለማቆየት የፍቅር ጓደኛው ሆነሽ መቆየት አለብሽ የሚል ግዴታ የለብሽም።

ይህን ሳነብ ራሴን አየሁት። የምቆጣጠረው እኔ ከሆንኩስ?

ይህን መጠየቅህ ከባድ ነገር ነው፣ አከብርሃለሁ። ብዙ ጊዜ ከቁጥጥር በታች ያለው የመተው ፍርሃት ነው፤ ቤት ውስጥ ያየኸውንም ሳታውቀው ይዘህ ወጥተህ ይሆናል። ፍርሃቱን መረዳት ይቻላል። ለድርጊቱ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ።

ከዛሬ ጀምሮ ስልኳን አትይ። ፓስወርዷን ካወቅህ እንድትቀይር ንገራት። "እንዲህ የምሆነው ስለምወድሽ ነው" አትበላት፤ "ይህን ማድረግ አልነበረብኝም" በላት፣ ይቅር እንድትልህ ግን አትጎትጉታት። ልትለይህ ከወሰነች አትከተላት፣ በጓደኞቿ በኩል አትላክባት። ቅናቱ ሲመጣ ለእሷ ከመጻፍህ በፊት ለሌላ ሰው አውራው ወይም ወጥተህ ሩጥ። መትተህ ከሆነ፣ ከአማካሪ ወይም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሳትሠራ ሌላ ግንኙነት አትጀምር። መለወጥ እንደሚቻል ማስረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የገጠር ትምህርት ቤቶች ስለ ጤናማ ግንኙነት ትምህርት ተሰጥቶ ነበር፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ያነሰ ጥቃት ያደርሱም ይደርስባቸውም ነበር። ቬንጂ ፎሼ የተባሉ ተመራማሪ ነበሩ ጥናቱን የመሩት።

እንዴት ነው የምለያየው? ከተለያየን በኋላስ ለምን እንዲህ ያማል?

ግንኙነቱ የሚያስፈራ ካልሆነ ፊት ለፊት፣ አጭርና ግልጽ ሆነህ ተናገር። "ትንሽ ዕረፍት እንውሰድ" ብለህ ተስፋ አትተውላት፣ ካልፈለግህ። የሚያስፈራሽ ሰው ከሆነ ግን ፊት ለፊት የመናገር ዕዳ የለብሽም፤ በስልክ ወይም በሜሴጅ ይበቃል፣ አስቀድመሽም ለትልቅ ሰው አሳውቂ። "ለመጨረሻ ጊዜ ብቻ እንገናኝ" ቢል አትሂጂ። መለያየት የሚቆጣጠር ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ ነውና።

ሕመሙ ደግሞ በአፈ ታሪክ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢታን ክሮስና ባልደረቦቻቸው ሳይፈልጉ የተለዩ 40 ሰዎችን የቀድሞ ፍቅረኛቸውን ፎቶ እያሳዩ አንጎላቸውን መርምረው ነበር፤ ክንዳቸው ላይ የሚያቃጥል ሙቀት ሲነካቸው ከሚነቁት ክፍሎች አንዳንዶቹ በፎቶውም ነቁ። ስለዚህ "ምንም አልሆንክም፣ ተነሥ" የሚልህ ሰው ተሳስቷል። ገጿን መመልከት ቁስሉን በየቀኑ ይከፍተዋል፤ ለጊዜው ዝጋው። ብላ፣ ተኛ፣ ሰው መሐል ሁን። ሳምንታት አልፈው መብላትና መተኛት ካቃተህ፣ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣብህ፣ ሳትጠብቅ ባለሙያ አነጋግር።

ጓደኛዬ መጥፎ ግንኙነት ውስጥ ናት፣ ስነግራት ትቆጣለች።

እሱን አትስደቢው፤ ስትሰድቢው እሷ ጠበቃው ትሆናለች። ያየሽውን ብቻ ንገሪያት፦ "ትናንት ሲደውል እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ አሳሰበኝ።" "ወይ እሱ ወይ እኔ" አትበያት፣ እሱ የሚፈልገው እንድትቀሪ ነው። ወደ እሱ ብትመለስም አትቁረጫት። ብዙዎች ከመውጣታቸው በፊት ደጋግመው ይመለሳሉ። ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው ብለሽ ካሰብሽ ግን ብትቆጣሽም ለትልቅ ሰው ተናገሪ።

ወላጅ ነኝ። ስልኳን በድብቅ ልፈትሽ?

ግልጽ የሆነ አደጋ ካላዩ በስተቀር አልመክርዎትም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሃካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር ስዊድን ውስጥ የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን አጥንተው ነበር። ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ የሚያውቁት በአብዛኛው ልጆቹ ራሳቸው ሲነግሯቸው እንጂ በክትትል እንዳልሆነ አገኙ። በድብቅ ተፈትሻ የደረሰችበት ልጅ መንገር ታቆማለች፣ ሁለተኛ ስልክም ይኖራታል። ከዚህ ሌላ፣ የሚወድ ሰው ስልክ ይፈትሻል ብለው እርስዎ ካስተማሯት፣ ነገ ልጁ ሲፈትሻት ምን ብላ እምቢ ትላለች?

ለትንሹ ልጅዎ ደንብ ሊያወጡ ይችላሉ፣ ይገባልም፤ የሚገቡበትን ሰዓት፣ ስልክ ማታ የት እንደሚያድር። ደንቡ ግን በግልጽ የተነገረ ይሁን። ለማውራት መኪና ውስጥ ወይም ዕቃ ሲያጥቡ ይመቻል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ምርመራ ይመስላል። "ማን ነው?" ከማለት "ከእሱ ጋር ስትሆኚ ምን ይሰማሻል?" ይሻላል። "በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ በዚያ ሌሊት ጥያቄ የለም" ብለው ቃል ይግቡላት፣ ይጠብቁትም።

ተመትታ ከነገረችዎት፣ መጀመሪያ "እንኳን ነገርሽኝ፣ ጥፋትሽ አይደለም" ይበሏት። "ቀድሞውንስ ምን አገናኘሽ?" የሚለውን ይዋጡት። ወደ ልጁ ቤት ተቆጥተው አይሂዱ፣ ለልጁም አይደውሉ፤ እሷ ሳትዘጋጅ ይህ ከሆነ በቀሉ በእሷ ላይ ይወጣል። የተጎዳችውን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፣ መልእክቶቹንና ፎቶዎቹን ያስቀምጡ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትመለስ ማን እንደሚያጅባት አብረው ይወስኑ፣ ለፖሊስ ማመልከቱንም ምን እንደሚከተል ነግረዋት፣ ሐሳቧን ሰምተው ያድርጉት።